ጠርዙ ሳይታጠፍ የሚሰፋ የኩዊልት ልጥፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ።

ይህ አሠራር ምንድን ነው? ከተለመደው ልጥፍ የሚለየውስ በምንድን ነው?

ኩዊልት ከላይ የሚታየው ጨርቅ፣ መሐል የሚገባው ጥጥ ወይም ሌላ ሙሌት እና የጀርባው ጨርቅ ተደራርበው አንድ ላይ የሚሰፉበት ብርድ ልብስ ወይም የግድግዳ ጌጥ ነው። ልጥፍ የሚባለው ደግሞ ከሌላ ጨርቅ የተቆረጠን ቅርጽ፣ አበባም ይሁን ወፍ፣ ቤትም ይሁን ፊደል፣ በላይኛው ጨርቅ ላይ አስቀምጦ መስፋት ነው። በተለመደው አሠራር የቅርጹ ዳር ዙሪያውን ወደ ውስጥ ይታጠፍና በማይታይ የእጅ ስፌት ይያዛል። ውጤቱ ያምራል፤ ነገር ግን የሠለጠነ እጅና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በዚህኛው አሠራር ጠርዙ አይታጠፍም። ቅርጹ በልኩ ይቆረጣል፣ በቦታው ይጣበቃል፣ ከዚያም ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ በመኪና ይሰፋል። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳለ ይታያል፤ ሲታጠብ ደግሞ ትንሽ ይነሣና ለስላሳ ጭራ ያወጣል። ይህን ጭራ እንደ ጉድለት የሚያዩት ሰዎች አሉ። እኔ ግን የሥራው ውበት ያለው እዚያው ላይ ነው እላለሁ፤ ወፏ ላባ፣ ሣሩም ሣር የሚመስለው በእርሱ ነው።

ጠርዙ ካልታጠፈ ተተርትሮ አያልቅም?

ይተረተራል፤ ግን እስከ ስፌቱ ድረስ ብቻ ነው። ጨርቅ ከድርና ከማግ የተሸመነ በመሆኑ ሲቆረጥ ዳር ላይ ያሉት ክሮች የሚይዛቸው ያጡና አንድ በአንድ ይወጣሉ። የስፌት መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ስፌቱ ሰቅዞ ስለሚይዛቸው ይቆማሉ። ስለዚህ የጭራው ርዝመት በእርስዎ እጅ ነው፤ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገብቶ የተሰፋ ቅርጽ የሚያወጣው ጭራ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወደ ጠርዙ በጣም ከተጠጉ፣ ለምሳሌ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ከሰፉ፣ ስፌቱ የሚይዘው ክር ስለሚያንስ ጨርቁ ከሥሩ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

የአቆራረጡ አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ የተቆረጠ ጠርዝ ረጃጅም ክሮችን ይለቃል። በሰያፍ፣ ማለትም በ45 ዲግሪ አካባቢ የተቆረጠ ጠርዝ ግን የሚለቀው አጫጭር ጫፎችን ብቻ ስለሆነ እምብዛም አይተረተርም። ክብ ቅርጾችና ቅጠሎች ከአራት ማዕዘን ይልቅ ጠርዛቸውን የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

የልብስ ስፌት መኪና፣ ካውያ፣ እስከ ጫፉ ድረስ የሚቆርጥ ትንሽ መቀስ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ክር፣ እንዲሁም በአንድ በኩል ወረቀት ያለው በሙቀት የሚጣበቅ ማጣበቂያ። ለመርፌ 80/12 ቁጥር ለአብዛኛው የጥጥ ጨርቅ ይስማማል፤ ጨርቁ ስስ ከሆነ 70/10 ይሻላል። አዲስ መርፌ ያስገቡ። የደነዘዘ መርፌ ጠርዙን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ስፌትም ይዘላል።

የትኛው ጨርቅ ይሻላል?

ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ለጀማሪ ምርጡ ነው። የጨርቁን ዳር በጥፍርዎ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፤ ወዲያውኑ ክሮች መውጣት ከጀመሩ ሽመናው ልል ነውና ሰፋ ያለ ጠርዝ ወይም ዚግዛግ፣ ማለትም ግራና ቀኝ እየተመላለሰ የሚሄድ ስፌት፣ ይፈልጋል። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ካውያ ሲነካው ሊጨማደድ ይችላል። ጂንስ ሲተረተር በጣም ያምራል፤ ከውጭ ሰማያዊ ሆኖ ጭራው ነጭ ይወጣል። የካናቴራ ጨርቅ በሹራብ መልክ የተሠራ ስለሆነ አይተረተርም፤ ችግሩ መለጠጡና ዳሩ መጠቅለሉ ነው፤ ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ማጣበቂያውን ከኋላው ይለጥፉበት።

አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጣበቂያው በደንብ እንዳይይዝ የሚያደርግ ቅባትና ማጠንከሪያ ሊኖረው ይችላል። አጥበው፣ ማለስለሻ ሳይጨምሩበት አድርቀው ይጠቀሙ። ፈዛዛ ቀለም ያለውን ቅርጽ በጥቁር ወይም በደማቅ ጨርቅ ላይ የሚለጥፉ ከሆነም አስቀድመው ደርበው በብርሃን ይዩት፤ የሥሩ ቀለም ወደ ላይ ከወጣ ቅርጹን ድርብ ያድርጉት።

ባለ ወረቀቱ ማጣበቂያ እንዴት ይሠራል? ቅርጹስ ለምን ተገልብጦ ይወጣብኛል?

ቅርጹን በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይሳሉ፤ ከመስመሩ ወጣ አድርገው በግርድፉ ይቁረጡት፤ ሙጫው ያለበትን ፊት በጨርቁ ጀርባ ላይ አድርገው በካውያ ይጫኑት። ሲቀዘቅዝ በመስመሩ ላይ በትክክል ይቆርጣሉ። ከዚያ ወረቀቱን ልጠው ቅርጹን በቦታው ያስቀምጡና እንደገና በካውያ ይጫኑት። ካውያውን እንደ ሸሚዝ ወዲያና ወዲህ አይግፉት፤ አንሥተው እያስቀመጡ ይጫኑ። ስንት ሰከንድ፣ በምን ያህል ሙቀት፣ በእንፋሎት ወይስ በደረቁ የሚለውን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል፤ ከመጠን በላይ የተሞቀ ሙጫም መያዙን ይተዋል።

ቅርጹ የሚገለበጠው የሚሳለው በጨርቁ ጀርባ በኩል ስለሆነ ነው። ለአበባ ወይም ለልብ ቅርጽ ምንም ለውጥ የለውም። ለፊደል ግን አለው። የልጅዎን ስም በልጥፍ ሊጽፉ ቢነሡ «ሀ» ቢገለበጥም ያው «ሀ» ነው፤ «ሁ» ግን ቅጥያዋ ከቀኝ ወደ ግራ ትዞራለች። መፍትሔው ስሙን በስስ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎ፣ ወረቀቱን ገልብጦ በመስኮት መስታወት ላይ በመለጠፍ፣ ከጀርባው የሚታየውን ቅርጽ በማጣበቂያው ወረቀት ላይ መቅዳት ነው።

በማጣበቂያ ብቻ ብተወውስ? መስፋት ግዴታ ነው?

በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ የማይነካ ሥራ ከሆነ ሊበቃ ይችላል። የሚታጠብ ወይም የሚታጠፍ ከሆነ ግን መስፋት ግዴታ ነው። ሙጫ በእጥበትና በመታሸት ይላቀቃል፤ ማጣበቂያው የገባው ስፌቱ እስኪመጣ ቅርጹን እንዲይዝ ብቻ ነው። ሳይሰፋ እንዲያዝ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ዓይነት ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ መርፌውን በሙጫ ይሸፍነዋል፣ ክርም ይበጥሳል። ይህ ከደረሰብዎት መርፌውን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት ወይም ይቀይሩት።

የትኛውን ስፌት ልምረጥ?

ቀጥ ያለው ስፌት፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ጠርዙን ነጻ ይተወዋል፤ ጭራው በደንብ ይታያል። ዚግዛግ ጠርዙን ከላይ ያቅፈዋል፤ ስፋቱ 2 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ጥቅጥቅ ያለው ዚግዛግ፣ ርዝመቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ወርዶ ክሩ ጎን ለጎን የሚተኛበት፣ ጠርዙን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ክር ይበላል፣ ከሥሩም ደጋፊ ወረቀት ካልተደረገ ጨርቁን ይሰበስባል። መኪና የሌለው ሰው በእጁ የቁልፍ ቀዳዳ የሚዘመዘምበትን ዓይነት ስፌት መጠቀም ይችላል፤ ይህም ጠርዙን ቆንጆ አድርጎ ይይዘዋል።

የእኔ ምርጫ ቀጥ ያለው ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ የተዞረ። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን በትክክል መከተል የለበትም። ገባ ወጣ ሲል በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል ይመስላል፤ ጠርዙም በእጥፍ ይያዛል።

ያለኝ ቀጥ ብቻ የሚሰፋ የድሮ የእግር መኪና ነው። ይቻላል?

በሚገባ ይቻላል። ይህ አሠራር ከቀጥታ ስፌት ሌላ ምንም አይጠይቅም። በአገር ቤት በየበረንዳው የምናያቸው በእግር የሚረገጡት መኪናዎች ጨርቅን ሳያዛንፉ ይጎትታሉ፣ ፍጥነታቸውም በእግርዎ ቁጥጥር ሥር ነው፤ በጠባብ ኩርባ ላይ አንድ አንድ ስፌት እያሉ መሄድ ይቻላል። በእጅ መንኮራኩሩን እያዞሩ መጨረስም ይቻላል። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚተርፈው ቁርጥራጭም ለልጥፍ ከበቂ በላይ ነው፤ ለቅጠል የመዳፍ ያህል ጨርቅ ካለ ይበቃል።

ማዕዘንና ኩርባ ላይ ስፌቴ ይበላሻል። ምን ላድርግ?

ማዕዘን ላይ ሲደርሱ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ያቁሙ፤ ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንሥተው ጨርቁን ያዙሩ፤ እግሩን መልሰው ይቀጥሉ። በኩርባም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጨርቁን እየሰፉ በኃይል ከመጠምዘዝ ይልቅ በየሦስት አራት ስፌቱ ቆም ብለው ትንሽ ትንሽ ያዙሩት። በዚግዛግ የሚሰፉ ከሆነ መርፌው በየት በኩል ተተክሎ እንደሚዞሩ ልብ ይበሉ። ቅርጹ ወደ ውጭ በሚያብጥበት ኩርባ መርፌው ከቅርጹ ውጭ ባለው ጨርቅ ላይ ተተክሎ ይዙሩ፤ ወደ ውስጥ በሚገባበት ኩርባ ደግሞ ቅርጹ ላይ ተተክሎ። ይህ ሲዛባ በስፌቱ መሐል ክፍተት ይወጣል።

ሹል የሆነ ጫፍ፣ እንደ ቅጠል አፍንጫ ያለው፣ ቶሎ የሚተረተር ቦታ ነው። ሲቆርጡት ሹልነቱን በአንዲት ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ያድርጉት፤ ዓይን አያየውም፣ ክሩ ግን ይያዛል። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ እየመለሱ መስፋት ጉብታ ይፈጥራል፤ ከዚያ ይልቅ የላዩን ክር ወደ ጀርባ ስበው ከታችኛው ጋር ይቋጥሩት።

ልጥፉንና ሦስቱን ድርብ የሚያያይዘውን ስፌት በአንድ ጊዜ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ አሁን ብዙዎችን ወደዚህ አሠራር የሚስበውም ይኸው ነው። ቅርጾቹን በላይኛው ጨርቅ ላይ በካውያ ይለጥፉና ሳይሰፉ ይተዋሉ። ከዚያ የጀርባውን ጨርቅ፣ ሙሌቱንና የላዩን ደርበው፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ይይዛሉ። ቅርጹን ዙሪያውን ሲሰፉ ስፌቱ ሦስቱንም ያልፋል፤ ልጥፉ ይያዛል፣ ኩዊልቱም በዚያው ይሰፋል። መሐል ያለው ሙሌት ደግሞ ደጋፊ ስለሚሆን ሌላ ወረቀት ከሥር አያስፈልግም። ለጥፎ መጨረስ ያለብዎት ከመደረብዎ በፊት ነው፤ የፖሊስተር ሙሌት በካውያ ሙቀት ይተኛል፣ ሊቀልጥም ይችላል።

የሚቀጥለው ደረጃ ጨርቁን የሚጎትቱትን የመኪናውን ጥርሶች ዝቅ አድርጎ፣ ለዚህ የተሠራውን ክብ እግር ገጥሞ፣ ጨርቁን በሁለት እጅ እየመሩ መስፋት ነው። አንዲት ቅጠል ላይ እንየው። ከግንዱ ሥር ይጀምሩ፤ በግራ ጠርዝ ከ3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ወደ ጫፉ ይውጡ፤ በቀኝ ጠርዝ ወደ ሥሩ ይመለሱ። ክሩን ሳይቆርጡ በቅጠሉ መሐል ለመሐል የሚያልፈውን መስመር በስፌት ይሳሉ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ጭረቶቹን እያወጡ በዚያው መንገድ ይመለሱ። አንድ ክር ሳይበጠስ ቅጠሉ ተያዘ፣ ተሳለ፣ ኩዊልቱም ተሰፋ። እጅዎ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፣ መኪናው ከፈጠነ ይደቃል፤ ሁለቱ የሚስማሙበትን ምት እጅ ራሱ ያገኘዋል። አስቀድመው በቁርጥራጭ ድርብ ላይ ይለማመዱ።

ሁለት ነገር ከወዲሁ ይወቁ። ስፌቱ ሁሉ በጀርባ በኩልም ይታያል፤ ስለዚህ ለጀርባ አበባ የበዛበት ጨርቅ ይምረጡ፣ ወይም የታችኛውን ክር ከጀርባው ጨርቅ ጋር ያመሳስሉ። ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ በዚህ መንገድ አይሠራም ባይባልም ሦስቱንም ድርብ ይሰበስባል፤ እርሱን ከፈለጉ ከመደረብዎ በፊት በላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ይጨርሱት። ለመጀመሪያ ሙከራ የትራስ ልብስ ወይም የጠረጴዛ ምንጣፍ ያህል በቂ ነው። የአልጋ ልክ የሆነ ኩዊልት በመኪናው ክንድ ሥር ማዞር ትከሻን ይፈትናል።

ልጥፉ እንደ ካርቶን ደረቀብኝ። ለምን?

ማጣበቂያው በቅርጹ ሙሉ ስፋት ላይ ስለተለጠፈ ነው፤ ቅርጽ በቅርጽ ላይ ሲደራረብ ደግሞ ይብሳል። መሐሉን ያውጡት። በወረቀቱ ላይ ቅርጹን ከሳሉ በኋላ ከመስመሩ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ትተው መሐሉን ቆርጠው ያስወግዱት፤ የሚቀረው እንደ ቀለበት ያለ ማጣበቂያ ጠርዙን ብቻ ይይዛል፣ መሐሉ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ተቆርጦ የወጣው መሐልም ለሌላ ትንሽ ቅርጽ ይሆናል። ልጥፉ በጣም ትልቅ ከሆነ ግን መሐሉን ከጨረሱ በኋላ በአንድ ሁለት የስፌት መስመር ይያዙት፤ አለበለዚያ ይነፋል።

የነጠላ ወይም የአገር ልብስ ጥለት ለልጥፍ ይሆናል?

ይሆናል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ እናቶች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን በእጅ የተሸመነ ነጠላ ልል ስለሆነ መቀስ እንደነካው መፍረስ ይጀምራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፦ ከመቁረጥዎ በፊት ከሚፈልጉት ቅርጽ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ከጀርባው ስስ ማጣበቂያ ይለጥፉ፣ ሲቀዘቅዝ ይቁረጡ። ስፌቱም ዚግዛግ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጥ ያለውን ከመረጡ ከጠርዙ ከ5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይግቡ። የሚያብረቀርቁትና ወርቅማ የሆኑት የጥለት ክሮች ሙቀት አይወዱም፤ በላያቸው ንጹሕ አቡጀዲ አድርገው በዝቅተኛ ሙቀት ይጫኑ።

ቀለሙ እንደማይለቅ ያረጋግጡ። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥበው በጥለቱ ላይ አጥብቀው ያሹት፤ ነጩ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከወጣ ከነጭ ጋር አብሮ በሚታጠብ ሥራ ላይ አያውሉት፤ ለግድግዳ ይሁን። የእናት ወይም የአያት ነጠላ ከሆነ ደግሞ አደራ፣ ደህናውን ክፍል አይንኩት። የተቀደደ ወይም የነተበ ቦታ ያለውን መርጠው ከዚያ ይውሰዱ፤ የጥለቱ አንድ ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ብቻ ትልቅ ሥራን ይሞላል።

ለሕፃን ብርድ ልብስ ይሆናል?

በተተረተረ ጠርዝ አልመክርም። ሕፃን የወጣ ክር ይጎትታል፣ ወደ አፉም ያስገባል፤ ረጅም ክር በጣት ላይም ሊጠመጠም ይችላል። ለሕፃን የሚሠራ ከሆነ ጥቅጥቅ ባለ ዚግዛግ ጠርዙን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑት።

ይህ አሠራር ማጠፍ ላልቻለ ሰው መሸሻ አይደለም?

አይደለም። ቆርጦ መለጠፍ ረጅም ታሪክ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበሩ ሴቶች ከሕንድ የመጡ ውድ የታተሙ ጨርቆች ላይ ያሉትን አበቦችና ወፎች እየቆረጡ በነጭ ጨርቅ ላይ ይሰፉ ነበር፤ ከእነዚህ መካከል ጠርዛቸው ሳይታጠፍ በቁልፍ ቀዳዳ ስፌት የተያዙ አሉ። በመኪና መለጠፍም ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደችው ሀሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን፣ አዳምና ሔዋንን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የጌታን ጥምቀት፣ የመጨረሻውን እራት፣ በልጥፍ የሠራችበት ኩዊልት በእጅም በመኪናም የተሰፋ ነው። 10 ዶላር ጠይቃበት ኑሮ ሲከብዳት በ5 ዶላር ሸጠችው። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው፤ ሌላው ሥራዋ ደግሞ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሁለቱንም ያስከበራቸው ቅርጾቹ የሚናገሩት ነገር ነው፤ በመኪና ተሰፉ ተብሎ ያቃለላቸው የለም።

እንዴት ይታጠባል?

በቀዝቃዛ ውኃ፣ በዝግታ በሚዞር እጥበት ወይም በእጅ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ብዙ ክር ይወጣል፤ አይደንግጡ፣ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። የወጣውን ክር በመቀስ ይቁረጡት እንጂ በጣት አይሳቡት፤ አንዱ ሲሳብ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። እርጥቡን አይጭመቁ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው ያድርቁ።

ከታጠበ በኋላ ጠርዙ ከስፌቱ አልፎ ወጣ። ይድናል?

ቦታው ትንሽ ከሆነ ይድናል። የተነሣውን ጠርዝ በመርፌ ጫፍ ወደ ቦታው መልሰው፣ ከሥሩ ጠባብ የማጣበቂያ ቁራጭ አስገብተው በካውያ ይጫኑት፤ ከዚያ ከአሮጌው ስፌት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው አዲስ መስመር ይስፉ፣ ወይም በዚግዛግ ይያዙት። አዲሱ መስመር በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ጥገና መሆኑ ያስታውቃል፤ ቅርጹን ሙሉውን ቢዞሩት ግን አስቀድሞ የታሰበ ይመስላል።

ጨርቁ ከሥሩ ሳስቶ ከሆነ ግን ስፌት የሚይዘው ነገር የለም። ያኔ በላዩ ሌላ ቅርጽ ይደረብበታል። የቅጠሉ ጫፍ ከጠፋ ሌላ ቅጠል፣ የቤቱ ጥግ ከጠፋ ቁጥቋጦ፣ የወፏ ክንፍ ከሆነም ሌላ ላባ። ሦስቱ ድርብ አስቀድሞ የተሰፋ በመሆኑ አዲሱን ቅርጽ ሲለጥፉ የካውያውን ጫፍ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሙሌቱ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ካውያውን ትተው ቅርጹን በመርፌ ቁልፍ ይዘው በእጅ ይስፉት።